የእትዬ ዲንቄ የአበባ ቀሚስ

ነገሩ የጀመረው መገናኛ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ወደ ገርጂ የሚሄደው ሰልፍ ያን ቀን ተጠማዞ ተጠማዞ ሊስትሮዎቹ ጋ ደርሷል። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ረዳቶቹ ይጮኻሉ፣ ከፊቴ ያለችው ልጅ በስልኳ «ሲሪየስሊ?» እያለች ትስቃለች። እኔ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እግሬ እየቆምኩ ሳለ፣ ከጎኔ ወደ አያት ከሚሄደው ሰልፍ አንድ ሽታ መጣ። የፋጉሎ ሽታ። ኑግ ተጨምቆ ዘይቱ ከወጣ በኋላ ለከብት የሚሰጠው ግፋፊ ነው ፋጉሎ። ከፋጉሎው ጋር የደረቀ ሣር፣ ከሣሩ ጋር ትኩስ ወተት፣ ከሁሉም በታች ደግሞ ያችው የምታውቋት የበረት ሽታ። «ሲሪየስሊ» የምትለዋ ልጅ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ሳብኩት። ከዚያ ሽታ ጋር ሃያ ሁለት ዓመቴ፣ አፍሮዬና የተልባ እግር የመሰለው ወገቤ አብረው ተመልሰው መጡ።

ዞር ብዬ ሳይ፣ ሽታው የመጣው ንጹሕ ጃኬት ከለበሰ፣ የመድኃኒት ፌስታል ከያዘ፣ ትከሻው የበር ያህል ከሆነ ሰው ነው። አርባ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ፊቱን አላውቀውም። ጆሮውን ግን አወቅኩት። እንዲህ ከጭንቅላት ተለይቶ ወደ ፊት የቀደመ፣ ወሬ ከመነገሩ በፊት የሚሰማ የሚመስል ጆሮ በሕይወቴ ያየሁት አንድ ሰው ላይ ብቻ ነው።

«ልጄ፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ የጋሽ ቱሉ ልጅ አይደለህም?» አልኩት።

ደነገጠ። «አባዬን ያውቁታል?»

«በጆሮህ ነው የለየሁህ።»

ሳቀ፣ ጆሮውንም ዳሰስ አደረገ። ሌሊሳ ይባላል። «ሌሊሳ!» ብዬ ጮህኩ፤ ሁለቱም ሰልፍ ዞሮ አየኝ። «አንተ በተወለድክ ጊዜ ወተት ልቀዳ በየጠዋቱ እናንተ ቤት የምመጣ የሺ ነኝ እኮ! ታይፒስቷ!»

«እትዬ የሺ! እማዬ እኮ አንዳንዴ ታነሳዎታለች» አለ። እንዴት አድርጋ እንደምታነሳኝ ግን አልነገረኝም።

እናቱ እንዴት እንደሆነች ስጠይቀው ፊቱ ጠቆረ። እትዬ ዲንቄ ከሦስት ቀን በፊት በረቱ ውስጥ እርጥብ ሲሚንቶ አንሸራቷት ወድቃ፣ ቀኝ እጇ አንጓው ላይ ተሰብሯል። በጀሶ ታስሮላታል። እጁስ ይድናል። መከራው ደማሜ ናት። ደማሜ ካሏቸው ስድስት ላሞች አንደኛዋ፣ የቤቱ ምሰሶ ናት። አምስቱ በማሽን ይታለባሉ፤ እሷ ግን ከእትዬ ዲንቄ እጅ በቀር አትቀበልም። ማሽኑን ረግጣ ወርውራዋለች። ጥጃዋ በጡጦ ያደገች ስለሆነች እሷንም አታስጠጋም። ትናንት የእንስሳት ሐኪሙ መርፌ ወግቶ ትንሽ ወረደላት፤ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ጭራሽ አሻፈረኝ ብላለች።

«ጡቷ ድንጋይ ሆኗል እትዬ» አለኝ። «ሐኪሙ ‘ዛሬ ከሰዓት ካልታለበች ጡቷ ይበላሻል፣ ከዚያ በኋላ ለሥጋ እንጂ ለወተት አትሆንም’ ብሎኛል። እማዬ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።»

ይህን ስሰማ ውስጤ ያለ አንድ አሮጌ ነገር ተነቃነቀ። ለዚህ ነገር መላውን አውቀዋለሁ። በዓይኔ ያየሁት ነው። ችግሩ፣ ላልናገር ምያለሁ። ገርጂ ቤቴ ሽሮ ጥጄ አልመጣሁ፣ የሚጠብቀኝ ሰው የለ፤ ሰልፌን ትቼ የሌሊሳ ሰልፍ ውስጥ ገባሁ። «እማማ፣ ሰልፍ ነው እኮ!» ብሎ አንዱ ጮኸብኝ። «ላም ታማብን ነው» አልኩት። ምን ይመልስ?

ታክሲው ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። የሚታየው ሁሉ አዲስ ነው፤ ሰፊ መንገድ፣ የብስክሌት መንገድ፣ መብራት፣ መስታወት የለበሰ ሕንፃ። አያምርም አልልም፣ ያምራል። እኔ ግን በመስታወቱ ውስጥ የማየው ጭቃውን ነበር። ያኔ ገርጂ ገና ከተማ አልነበረችም፤ ከተማ ልትሆን ያሰበች ሜዳ ነበረች። እዚህም እዚያም ቆርቆሮ ቤት፣ የባሕር ዛፍ አጥር፣ ከዚያ ሣር፣ ከዚያ ደግሞ ሣር። ዘመኑን ለታሪክ ጸሐፊዎች እተወዋለሁ። ስኳርና ሳሙና በሰልፍ የሚገኝበት፣ የታክሲ ሒሳብ ስሙኒ የሆነበት፣ ሴቼንቶዋ ታክሲ አምስት ሰው ጭና ዳገት ላይ ስታለቅስ ወርደን የምንገፋበት ዘመን ነበር። እናቴን ጨጓራ ያማታል፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ለጨጓራ የሚታዘዘው ወተት ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ ሥራ ከመግባቴ በፊት ጋሽ ቱሉ ቤት ሄጄ ወተት መቅዳት የእኔ ዕጣ ነበር።

አካሄዴን ብታዩ! አፍሮዬን በሹል ማበጠሪያ ነቅዬ፣ የምወደውን ቡናማ ቤልቦተም ሱሪዬን ጭቃ እንዳይነካው እስከ ጉልበቴ ጠቅልዬ፣ እግሬ ላይ የወንድሜን ቦቲ አጥልቄ፣ በአንድ እጄ የወተት ጣሳ፣ በሌላው በጋዜጣ የተጠቀለለ ባለ ታኮ ጫማዬን ይዤ። ጫማውን የምለውጠው ወተቱን ለእናቴ አድርሼ አስፋልቱ ጋ ስደርስ ነው። መንገዱ ዳር አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ ከፍቶ የኦርኬስትራ ዘፈን ያሰማል፤ ቦቲዬን እሱ ጋ አስቀምጬ፣ እየዘፈንኩ ታኮዬን አደርግና አውቶቡስ እጠብቃለሁ። ወተቱ ሊትሩ ስልሳ ሳንቲም ነበር፣ ወይስ ሰባ? አሁን ጠፋብኝ። ዛሬ በዚያ ገንዘብ የወተት ሽታም አይገኝ።

እትዬ ዲንቄ ያኔ ገና ወጣት ሙሽራ ብጤ ነበረች፣ ከእኔ በጥቂት ዓመት ብትበልጥ ነው። «እርስዎ» ስላት ተቆጥታ «አንቺ በይኝ፣ አታስረጂኝ» አለችኝ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አንቺ እላታለሁ። ላሟ ሸጊቱ ትባላለች፤ በኦሮምኛ ቆንጂት እንደማለት። እውነትም ቆንጆ ነበረች፣ ቁንጅናዋንም ታውቀዋለች። በዚያ ሰፈር አውሮፕላን ከቦሌ ተነስቶ ጣራ ለጣራ ሲያልፍ እኛ ጆሯችንን እንይዛለን፤ ሸጊቱ ማመንዠኳን አታቋርጥም። ያልለመደችው እጅ ከነካት ግን ባልዲውም፣ በርጩማውም፣ አላቢውም አንድ ላይ ግድግዳ ይመታሉ። እትዬ ዲንቄ ስታልባት ሁልጊዜ አንድ ቀሚስ ነው የምትለብሰው፤ ሰማያዊ ሆኖ ቢጫ አበባ ያለበት፣ ለመልስ የተሰፋላት ቀሚስ። ሻሿን ታስራለች፣ እጇን ቅቤ ትቀባለች፣ ጉንጯን ከላሟ ጎን አስጠግታ በቀጭን ድምፅ «ኮቱ፣ ኮቱ፣ ያ ሸጊቱ» ትላለች። ነይ፣ ነይ፣ አንቺ ሸጊቱ ማለት ነው። ወተቱ ያኔ ጭርር ማለት ይጀምራል።

ጋሽ ቱሉ ደግሞ ሌላ ናቸው። የመንገድ ሥራ ካፖ፣ የሠራተኞች አለቃ ነበሩ፤ ጺማቸው እንደ ጫማ ብሩሽ የቆመ፣ ድምፃቸው ዶዘር የሚያስቆም። በጸሎት ቤታቸውም የታወቁ አስተማሪ ናቸው። በየጠዋቱ እኔን ሲያዩ አንድ ንግግር አላቸው። «የሺ፣ ዛሬም ሱሪ? መጽሐፉ እኮ ሴት የወንድ ልብስ አትልበስ፣ ወንድም የሴት ልብስ አይልበስ ይላል!» እኔም «እሺ ጋሽ ቱሉ» ብዬ በነጋታው ያንኑ ሱሪ ለብሼ እመጣለሁ። ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖርን።

አንድ ክረምት እትዬ ዲንቄ ልትወልድ ሆስፒታል ገባች። ሕፃኑ በጎኑ መጥቶ ስለነበር በቀላሉ አልተላቀቀችም፤ ከወለደችም በኋላ አቆዩአት። ሰፈሩ ሁሉ ወተት ቀረበት። ሁለት ቀን ሄጄ ባዶ ጣሳ ይዤ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን ስሄድ በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ «ኮቱ፣ ኮቱ» የሚል ቀጭን ድምፅ ይሰማኛል፣ ወተቱም ጭርር ይላል። ቀና ብዬ በበረቱ በር ሳይ፣ ሻሽ ያሰረች፣ የአበባ ቀሚሷን የለበሰች ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ታልባለች። ደስታዬን አልቻልኩትም።

«እትዬ ዲንቄ! እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ብዬ እጄን ዘርግቼ ገባሁ።

ፊቷን አዞረች። ጺም አላት።

ጣሳዬ ከእጄ ወደቀ። ጋሽ ቱሉም ብድግ ሊሉ ሲሞክሩ ቀሚሱ ብብቱ ጋ ተርር ብሎ ተተረተረ። ሸጊቱ ብቻ ምንም እንዳልተፈጠረ ታመነዥካለች። እኔ ሳቄን ለመያዝ ምላሴን ነክሼ ደም ቀመስኩ።

«የሺ፣ በሩን ዝጊ» አሉኝ፣ በዚያው በቀጭኑ ድምፅ። ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደገና፣ በራሳቸው ድምፅ «በሩን ዝጊ።» ዘጋሁ። «ሁለት ቀን ለመንኳት። ሁለት ቀን ረገጠችኝ። ይኸው ጉልበቴን እይው። ላሟ ከተበላሸች ዲንቄ ከሆስፒታል ስትመጣ ምን ልላት ነው? ምን ትጠጣለች? ልብሷንና ድምፅዋን እንጂ ሌላ አታውቅም ብዬ... » አልጨረሱትም። ከዚያ ሱሪዬን አዩ፣ ቀሚሳቸውን አዩ፣ መሬቱን አዩ። «ይህን ነገር ሰው ከሰማ ጸሎት ቤትም፣ ሥራም፣ ሰፈርም አልቆምም። ማይልኝ።»

ማልኩላቸው። በእናቴ ጨጓራ ማልኩ። በሰፈራችን «ለየሺ ከምትነግር ለሬዲዮ ጣቢያ ንገር» የምባል ሰው ነበርኩ፣ ነኝም። የማላወራው ነገር የለኝም። ያንን ግን አላወራሁም። ለእናቴ አልተናገርኩም፣ በኋላ ላገባሁት ባሌም አልተናገርኩም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጋሽ ቱሉ ስለ ሱሪዬ አንድም ቀን አልተነፈሱም። ይልቁንስ ወተቱን ሰፍረው ሲያበቁ፣ ዓይን ዓይኔን ሳያዩ፣ አንድ ኩባያ ሙሉ ምራቂ ይጨምሩልኛል። ለሌላ ደንበኛ ጠብታ አይመርቁም። እትዬ ዲንቄ ሌሊሳን ታቅፋ ከተመለሰች በኋላም፣ እኔ እስካገባና ሰፈር እስክለቅ ድረስ፣ ያቺ ኩባያ አልቀረችም። ቤተሰቡም በኋላ ገርጂ በቤት ስትሞላ ወደ ምሥራቅ ገፋ፤ እኔ ከስንት ዓመት በኋላ ተመልሼ ገርጂ ኮንዶሚኒየም ስገባ አላገኘኋቸውም። ቤቱን ለማየት የመጣ ሁሉ «እምቦሳ እሰሪበት» ብሎ መረቀኝ። አራተኛ ፎቅ ላይ እምቦሳ የት እንደሚታሰር ግን የነገረኝ የለም።

ከታክሲ ወርደን በእግር ገባን። የዛሬው ለሚ ኩራ ያኔ ስንዴ የሚታጨድበት ነበር፤ አሁን በየአቅጣጫው ሕንፃ ይበቅላል፣ የሲሚንቶ መኪና ይመላለሳል። በሁለት ያላለቁ ፎቆች መሐል አንድ የቆርቆሮ አጥር አለ፣ በሩ ላይ «ትኩስ ወተት አለ» ተብሎ በቀለም ተጽፏል። ሌሊሳ «ቢሮዬን ትቼ ፉል ታይም ላም ጠባቂ ሆኛለሁ» አለኝ እየሳቀ። ግቢው ትንሽ ነው፣ ግን ንጹሕ፤ ጭዱ በሥርዓት ተከምሯል፣ ባልዲዎቹ ታጥበው ተደፍተዋል። አምስቱ ላሞች ተኝተው ያመነዥካሉ። ስድስተኛዋ ግን ቆማለች። ጡቷ ተወጥሮ ያብለጨልጫል፣ የኋላ እግሮቿን ማቀራረብ አቅቷታል። እያማጠች ያለች ሴት ታስመስላለች።

እትዬ ዲንቄ የተሰበረ እጇን በነጠላ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወጣች። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፤ ዓይኗ ያው ነው። አየችኝ፣ አወቀችኝም። ከመሳሟ በፊት ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ በደንብ ገመገመችኝ።

«አንቺ ዛሬም ቀጭን ነሽ» አለችኝ። ያመሰገነችኝ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ጋሽ ቱሉ ጥላ ሥር በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠዋል። ሰማንያን ተሻግረዋል። ጺሙ ነጭ ብሩሽ ሆኗል፣ ጆሮው ግን አድጓል። እጃቸውን ስሜ «የሺ ነኝ» ስላቸው ከዘራቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ፤ ዓይናቸው መጀመሪያ የሄደው ወደ ሚስታቸው ነው። ገባኝ። እኚህ ሰውዬ መላውን ያውቁታል። ሦስት ቀን ሙሉ እያወቁ ተቀምጠዋል።

ሌሊሳ ጃኬቱን አውልቆ፣ ቱታ ለብሶ፣ እጁን ቅቤ ቀብቶ ገባ። እናቱ ላሟ ራስ ጋ ቆመች። ደማሜ እናቲቱን አሸተተች፣ ከዚያ የጀሶውንና የመድኃኒቱን ሽታ ስታገኘው ራሷን ነቀነቀች። ሌሊሳ ጡቷን ሲነካ እግሯ ተወረወረ፣ ባልዲው ተንከባለለ። እኔ ቀስ ብዬ ጋሽ ቱሉ አጠገብ ሄጄ ጎንበስ አልኩ።

«ጋሽ ቱሉ፣ ይናገሩ እንጂ።»

«ምኑን?»

«ያውቁታል ምኑን እንደሆነ።»

በከዘራቸው መሬት ጫሩ። «የሺ» አሉ በመጨረሻ፣ «ከሞትኩ በኋላ ንገሪያቸው።»

«ላሟ ትቀድምዎታለች እኮ!»

ሊስቁ ነበር፤ ዋጡት። «ዛሬ የጸሎት ቤት ሽማግሌ ነኝ። ስንት ወጣት ገሥጫለሁ። ልጄ ፊት? ዲንቄ ፊት? ተይኝ።»

ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት የሚባለው እንዲህ ባለ ቀን ነው። አንድ ነገር ብቻ ነው በሕይወቴ ደብቄ የኖርኩት፤ ያንንም ደግሞ ለእኚህ ሰው ክብር ብዬ ነው። ተመልሼ በረቱ በር ላይ ቆምኩ። ሌሊሳ ሁለተኛ ሞከረ። ደማሜ በዚህ ጊዜ ደረቱን አገኘችው፤ ያ በር የሚያህል ሰው በጀርባው ጭድ ውስጥ ወደቀ። ላሟ ጮኸች። የቁጣ ጩኸት አልነበረም፣ የስቃይ ነበር። እትዬ ዲንቄ ደህና እጇን ላሟ አንገት ላይ ጥላ ማልቀስ ጀመረች። «በቃ፣ ደውልለት ለከብት ነጋዴው» አለችው ልጇን። «ዓይኔ እያየ አትሰቃይ።»

አልቻልኩም።

«ሌሊሳ፣ ተነስ» አልኩ። «የእናትህን ቀሚስ ልበስ።»

«ምን?»

«የምታልብበትን ቀሚስ። ሻሿንም እሰር። ማን መሆንህን አታይም፣ ልብሱን ነው የምታሸተው። አባትህም አንተ በተወለድክ ጊዜ ሸጊቱን ያለቧት እንዲሁ ነው።»

ማዶ ያለው የሲሚንቶ ማቡኪያ እንኳን የቆመ መሰለኝ። ሌሊሳ አፉን ከፍቶ አባቱን ያያል። ጋሽ ቱሉ ከዘራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሱ፤ አሁን መሬቱ ተከፍቶ ይውጣቸዋል ወይም እኔን ያባርሩኛል ስል፣ በረቱ ድረስ መጡ።

«እውነቷን ነው» አሉ። «ልበስ ልጄ። ድምፅህንም አቅጥነው፤ በወፍራም ድምፅ አትቀበልም።»

እትዬ ዲንቄ እንባዋ ጉንጯ ላይ እንዳለ ባሏን አፍጥጣ አየችው። ትስቃለች፣ ወይም «እንዴት ያለ ነውር ነው» ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ የጠየቀችው ሌላ ነው።

«የቱን ቀሚስ?» አለች።

«ያንን ሰማያዊውን። ባለ አበባውን።»

«ብብቱ የተተረተረውን?»

«ጠቦኝ ነበር» አሉ ጋሽ ቱሉ።

እትዬ ዲንቄ ጭዱ ላይ ተቀመጠች። ለማብራራት ጊዜ አልነበረም፤ ሌሊሳ ወደ ቤት ሮጦ የእናቱን የማለቢያ ቀሚስ፣ ግራጫ ሆኖ ቅቤና ወተት የጠገበውን፣ ቱታው ላይ አጥልቆ ተመለሰ። ትከሻው ላይ እንዳይተረተር እጁን እንደ ዶሮ ክንፍ ሰብስቦታል። ሻሹን እኔ አሰርኩለት። እንደ ጋሽ ቱሉ ጆሮ ያለ ጆሮ በሻሽ ማስገባት ቀላል ሥራ አይደለም። አባት በረቱ በር ላይ ቆመው እንደ ድሮው እንደ ካፖ ያዛሉ፤ «ጉንጭህን አስጠጋ! ከጎኗ፣ ከጎኗ! በል አሁን፣ ኮቱ በል!»

«ኮቱ፣ ኮቱ» አለ ሌሊሳ።

«ቀጭን!»

«ኮቱ፣ ኮቱ፣ ያ ደማሜ።»

ላሟ ራሷን አዞረች። ቀሚሱን አሸተተች፣ ረዥም ጊዜ አሸተተች። እግሯ አንድ ጊዜ ተነሳ። መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ከሆዷ ውስጥ ረዥም ትንፋሽ ወጣ፣ ባልዲውም ጭርር አለ። መጀመሪያ ትንሽ፣ ቀጥሎ ብዙ። እኔ ወንድ ልጅ በሴት ቀሚስ ሲያልብ እያየሁ ሳለቅስ ይህ ሁለተኛ ጊዜዬ ነው፤ የመጀመሪያው ቀን እንባዬን ያመጣው የታፈነ ሳቅ ነበር።

ያን ጊዜ ነው እትዬ ዲንቄ የተናገረችው፣ በወተቱ ድምፅ ላይ፣ ዓይኗን ከባልዲው ሳትነቅል።

«ከሆስፒታል ስመጣ ‘ሸጊቱን ማን አለባት?’ ብዬ ጠየቅኩህ። ምን አልከኝ?»

ጋሽ ቱሉ ጺማቸውን ማሻሸት ጀመሩ።

«‘አንዲት ሴት መጥታ አለበችልኝ’ አልከኝ። ‘ማን?’ ስልህ ‘አታውቂያትም’ አልከኝ። ቀሚሴን ሳነሳ ብብቱ ተተርትሯል። ላሜ ከእኔ ሌላ የማትቀበል ላሜ፣ ቀሚሴን ለለበሰች ሴት ወተቷን ሰጥታለች። ባሌም ላሜም አንድ ላይ ከድተውኛል አልኩ።» እየሳቀች ነው ወይስ እያለቀሰች መለየት አልቻልኩም። «ከዚያ ደግሞ የየሺ ምራቂ መጣ። እሷ ናት እንዳልል ቀጭን ናት፣ ቀሚሱ እሷን ሁለት ጊዜ ይይዛታል። ግን ታውቃለች አልኩ፤ ወፍራሟን ሴት ታውቃታለች፣ ዝም እንድትል ነው ወተት የሚሰጣት አልኩ። ቀሚሱን በጥቁር ክር ሰፍቼ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ይህን ሁሉ ዓመት፣ አንተ ሰውዬ፣ ይህን ሁሉ ዓመት አንዲት ወፍራም ሴት ስረግም ኖርኩ!»

ጋሽ ቱሉ ከዘራቸው ከእጃቸው ወደቀ። «ዲንቄ» አሉ፤ «ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ብትነግረኝስ? ልጅ ታቅፌ የት ልሂድ?»

«እኔ እንዳታፍሪብኝ ብዬ ነው።»

«ወፍራሟ አንተ ነህ?» አለች፣ እንደገና ለማረጋገጥ። እሳቸውም በሰማንያ ዓመታቸው፣ የጸሎት ቤት ሽማግሌው፣ ካፖው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው «እኔ ነኝ» አሉ። እትዬ ዲንቄ በሳቅ ፈነዳች። የተሰበረ እጇን ይዛ፣ «አታስቁኝ፣ ያመኛል» እያለች፣ ጭዱ ላይ ወደ ጎን እስክትወድቅ ድረስ ሳቀች። ሌሊሳም እያለበ ይስቃል፣ ሻሹ ዓይኑ ላይ ወርዷል። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይላሉ፤ እነዚህ ሁለቱ ግን ከአንድ ባልዲ እየጠጡ ይህን ያህል ዘመን ሲፈራሩ ኖረዋል። እኔም ብናገር ኖሮ ስንት ዓመት ቀድሜ እገላግላት ነበር ብዬ ተቆጨሁ፤ እንደ እኔ ያለ ወሬኛ በሕይወቱ አንዴ ዝም ቢል፣ ዝም ያለው በማይገባው ቦታ ሆነ።

ሁለተኛው ባልዲ ሲሞላ ደማሜ ተኛች። እትዬ ዲንቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ራበኝ አለች፤ እርጎ በሚጥሚጣ ቀረበልን፣ ከአንድ ሳህን በላን። ጋሽ ቱሉ አጠገቧ ተቀምጠው በእጃቸው አጎረሷት፤ ቀኝ እጇ ታስሯል ተብሎ ነው እንጂ፣ ግራው ደህና ነበር።

ልሄድ ስነሳ ሌሊሳ በባዶ የውሃ ላስቲክ አንድ ሊትር ወተት ቀዳልኝ። ሒሳብ ልክፈል ብል ቤቱ በሙሉ ተቆጣኝ። ጋሽ ቱሉ እንደ ድሮው እጃቸው ወደ ኩባያው ሄደ። እትዬ ዲንቄ ቀደመቻቸው። ኩባያውን በግራ እጇ ነጠቀችና ከባልዲው ሞልታ፣ እየተንቀጠቀጠ እየፈሰሰባት፣ ጠብታ ሳታስቀር ላስቲኩ ውስጥ ገለበጠችው።

«እሱ ሲመርቅልሽ የኖረው ዝም ስላልሽ ነው» አለችኝ። «ይኼኛው ከኔ ነው። ስለተናገርሽ።»